የቀኑን ከማታው አትደርቡ

ለንደን፤ ጥር 22 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ ሙሉዬ፣ ሰበታ

የዘመን ባለቤት እርስዎንና ቤትዎን በሰላም ያቆይልኝ እያልሁ፣ ከባሕር ማዶ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እኔ ጭጋጉና ብርዱ ከሚያስነጥሰኝ በቀር ደህና ነኝ።

ወንድሜ ዓባይነህ ከቡራዩ የላከው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። እናቴን ከሱሉልታ አምጥታችሁ እርስዎ ቤት እንዳስተኛችኋት፣ የአዲስ አበባው ሐኪምም ሆዷን ከፍቶ ካየ በኋላ ምንም ሳይነካ መልሶ እንደ ሰፋው ጻፈልኝ። በሽታው የማሕፀን ነቀርሳ ነው፤ ወደ ወገቧ አጥንትም ዘልቋል። ይህን ብቻ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈው። በአማርኛ ልጻፈው ቢል እጁ እንቢ ያለው ይመስለኛል።

አክስቴ፣ እናቴ አትድንም። እርስዎም ያውቁታል። እኔ አሁን የምማረውና የምሠራው ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው ሰዎች በሚተኙበት ቤት ነው። ሥራችን ማዳን አይደለም፤ ሳይሠቃዩ እንዲያርፉ መርዳት ነው። ይህ እንደሚቻል በየቀኑ በዓይኔ አያለሁ። ለማላውቃት እንግሊዛዊት አሮጊት የማደርገውን ለእናቴ ማድረግ አለመቻሌ አንጀቴን ያሳርረዋል። ትምህርት ቤቱን ፈቃድ ጠይቄ እስከ ሰኔ አይሆንም ብለውኛል።

ስለዚህ እጄ እርስዎ ይሁኑልኝ። ሐኪሙ የሰጣት ሽሮፕ ሞርፊን ይባላል። አንድ የሻይ ማንኪያ በየአራት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በቀን ስድስት ማንኪያ ይስጧት። እስኪያማት ጠብቀው አይደለም፤ ሳያማት ቀድመው ነው። ሕመሙ ከበረታ በኋላ መስጠት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ሽሮፑ ሆድ ያደርቃልና ተልባ ያጠጧት። ጎኗ እንዳይቆስል እያገላበጡ ያስተኟት፤ ከሥሯም አጎዛ ያንጥፉላት። እዚህም በሽተኞቻችንን የምናስተኛው በአጎዛ ላይ ነው።

እናቴ ስለ በሽታዋ ምን ታውቃለች? የሚያዩትን ሁሉ ሳይሸሽጉ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ስንዱ


ሰበታ፤ የካቲት 2 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስንዱ፣

በሰው አገር ከክፉ ሰውና ከክፉ ብርድ ይሰውርሽ። እኛ ከኔ ጉልበት በቀር ሁላችን ደህና ነን። ጉልበቴ የራሱን ኑሮ ይኖራል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድሜ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጥር ከጀርባው ተቀምጬ የለቀምኩት ንባብ ለካ እንዲህ ያለ ነገር ላነብበት ኖሯል። ያልሽውን ሁሉ አድርጌአለሁ። መጀመሪያ ሽሮፑ መረረኝ ብላ ፊቷን አጨማደደችው፤ አሁን ግን ሰዓቱ ሲደርስ አፏን ራሷ ትከፍታለች። ሌሊቱን ተኝታ ታድራለች። እሑድ ዕለት ቀና ብላ ተቀምጣ ወጤን አማችው። «ሙሉዬ፣ ዛሬም ሽንኩርቱ አልበሰለም» አለችኝ። እህቴ ወጥ ማማት ጀመረች ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እንግሊዞች በአጎዛ ያስተኛሉ ያልሽው አሳቀኝ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ የተማርሽው ይህንን ነው? አጎዛው ተነጥፏል። ጎረቤቴ ድንቅቱ፣ የኦቦ ቀጄላ ባለቤት፣ ጧትና ማታ እየመጣች አብራኝ ታገላብጣታለች። እናትሽም ሱሉልታ ኖራ የለ፣ ሁለቱ በኦሮምኛ ጨዋታውን ያስኬዱታል፤ አንዳንዴ እኔን የሚያሙኝ ይመስለኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። አንቺን አላልኩም፣ እንዳትቆጪ።

ምን ታውቃለች ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ምንም አታውቅም። ዓባይነህ «ወገብሽን ብርድ መቶሽ ነው፤ ጾምሽን ጾመሽ፣ ጸሎትሽን አድርሰሽ፣ ፋሲካን በእግርሽ ሄደሽ ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ» ብሏታል። እኛም እሱን ነው የምንደግመው። የዚያን በሽታ ስም በዚህ ቤት የሚያነሣ የለም። አንቺም ደብዳቤሽ ላይ አትጻፊው። አንብቢልኝ ስትለኝ እየዘለልኩ አነበብኩላት፣ ላብ አጠመቀኝ።

ያሳደገሽ አምላክ ይጠብቅሽ።

አክስትሽ ሙሉዬ


ለንደን፤ የካቲት 11 ቀን 1961 ዓ.ም.

ክብርት አክስቴ፣

ወጥዎን በማማቷ እኔም እዚህ እልል ብዬአለሁ፤ ባለሙያነትዎ ይቅርታ ያድርግልኝ። ደብዳቤዎን ይዤ ሥራ ገባሁ፤ በየመኻሉም ከኪሴ እያወጣሁ አየዋለሁ። ለድንቅቱ እጅ ይንሡልኝ።

ስለ መደበቁ ግን ልቤ አልተስማማም። እዚህ የማያቸው ሰዎች፣ እውነቱን ያወቁት፣ ከፈሩ በኋላ ይረጋጋሉ። ያላወቁት ግን በየጧቱ ለምን አልተሻለኝም እያሉ ከራሳቸው ጋር ይጣላሉ። ሆኖም አጠገቧ ያላችሁት እናንተ ናችሁና ከዚህ በላይ አልናገርም። ሽሮፑን ብቻ አታስተጓጉሉባት።

ስንዱ


ሰበታ፤ የካቲት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስንዱ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ እንዳለን አለን። ሁዳዴ ገብቶ ሁላችንም ጠውልገናል፣ ገበያውም ቀዝቅዟል። የድንቅቱ ላም ወልዳለች፤ ወተቱን የሚጠጣ ግን የለም።

አሁን የምጽፍልሽ ደስ አይልም። የእናትሽ የየሺ ሕመም ተመልሷል። የሚገርመኝ ደግሞ ቀን ቀን ነው። ጧት እያቃሰተች ትነሣለች፣ ቀትር ላይ ትራሱን ነክሳ ትይዛለች፣ ድንቅቱ ልታገላብጣት ስትነካት እንኳ ትጮኻለች። ማታ ግን እንደ ድንጋይ ትተኛለች፤ ብጠራት አትሰማኝም። ይህ መድኃኒት ፀሐይ አይወድም እንዴ? ዓባይነህ ጠበል እንውሰዳት ይላል። እኔ ስንዱ ሳትሰማ አንዲት ነገር አይደረግም ብዬ ተጣልቻለሁ።

ጥፋቱ የኔ እንዳይመስልሽ። በቀን ስድስት ማንኪያ ብለሻል፤ ስድስት ማንኪያ ሰጥቻታለሁ። አንዲት ማንኪያ አልጎደለም፣ ማርያምን። ጠርሙሱ ምስክሬ ነው።

የተሻለ ነገር ካለ ቶሎ ላኪ። ትራስ ስትነክስ ማየት አቅቶኛል።

አክስትሽ ሙሉዬ


ለንደን፤ የካቲት 28 ቀን 1961 ዓ.ም.

ክብርት አክስቴ፣

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ ለአለቃችን አነበብሁላት። ለሐኪሙም ዛሬውኑ ጽፌአለሁ። ስድስቱ ማንኪያ ሳይጎድል ሕመሙ ከተመለሰ መጠኑ አንሷት ነው። እንግዲህ በአንድ ማንኪያ ፋንታ አንድ ተኩል ይስጧት። አይፍሩ፤ እዚህ ከዚያ የሚበልጥ የሚወስዱ አሉ።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የአጥንት ነቀርሳ ቀንና ማታ አይለይም። ቀን እንዲህ እየተሠቃየች ማታ ብትጠራ አለመስማቷ ግራ አጋብቶኛል። ለማንኛውም ያልሁትን ያድርጉና ወዲያው ይጻፉልኝ። እስኪጽፉልኝ እንቅልፍ የለኝም።

ስንዱ


ሰበታ፤ መጋቢት 7 ቀን 1961 ዓ.ም.

ስንዱ፣

ሰላምታውን ሌላ ቀን አደርሳለሁ፤ ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

ያልሽውን ሰማሁሽ። አርብ ማታ፣ እናትሽ እህል ከቀመሰች በኋላ፣ ማታ የሚሰጣትን ሁሉ እንደ ልማዴ ሰጠኋት፣ አዲሱንም ጭማሪ አከልኩበት። እራቴን ሳልጨርስ ድንቅቱ «አዴ ሙሉ! ኮቱ!» ነይ ነይ ብላ ጮኸች። እየሮጥኩ ስሄድ የእህቴ ከንፈር ጠቁሯል። አንዴ ተነፈሰች፤ ከዚያ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ሁለተኛውን ለመተንፈስ የምታመነታ ይመስላል። ድንቅቱ እግሯን እያሸች «ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!» እያለች አምላኳን ትጠራለች። እኔ ውሃ ረጨሁ፣ በጥፊ መታኋት፣ በስሟ ጠራኋት፣ ሰደብኳት። እህቴን በጥፊ መታኋት፣ ስንዱ! ጧት ዓይኗን ገለጠችና «ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለችን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ ጨምሪ ማለት ቀላል ነው። እሷ ያን ሌሊት ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነበርኩ፤ በእጄ፣ በማንኪያ።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ጩኸቷ መንገድ ድረስ ይሰማል። ኦቦ ቀጄላ በደጅ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቆማሉ። ብሰጣት ትሞትብኛለች፣ ብተወው ትጮኻለች። ዓባይነህ በሚመጣው እሑድ ጠበል እወስዳታለሁ ብሏል፤ መኪና ላይ ስትጫን አጥንቷ ይሰበራል ብዬ ፈርቻለሁ። የቱን ላድርግ? ንገሪኝ።

ሙሉዬ


ቴሌግራም፤ ከለንደን፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.
ለዓባይነህ፣ ቡራዩ

መድኃኒቱን አትከልክሏት። በየአራት ሰዓቱ አንድ ማንኪያ ብቻ። የቀኑን ከማታው አትደርቡ። ከቤት አታንቀሳቅሷት። ደብዳቤ ይከተላል። ስንዱ።


ለንደን፤ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም.

ክብርት አክስቴ፣

ቴሌግራሙ ቀድሞ ይድረስዎ። ከፖስታ ቤት ስመለስ ነው ይህን የምጽፈው።

«እህል ከቀመሰች በኋላ» ይላል ደብዳቤዎ። «ማታ የሚሰጣትን ሁሉ» ይላል። እነዚህን ቃላት አንብቤ ካላንደር አውጥቼ አየሁ። ሕመሟ ቀን ቀን የተመለሰው ሁዳዴ በገባበት ሳምንት ነው። አክስቴ፣ እናቴ እየጾመች ነው። ከሌሊት ጀምሮ እስከ ማታ ማንኪያው ከንፈሯን አይነካም። እርስዎም ያለፋትን ሁሉ አስቀምጠው፣ ስድስት እንዲሞላ ብለው፣ ማታ አከታትለው ሰጧት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አልነበሩም? እንዴት ይህን ይሸሽጉኛል? ስድስት ማንኪያ በስድስት ጊዜ ሲሰጥ ያሳርፋል፤ በአንድ ጊዜ ሲሰጥ ይገድላል። እኔም ይህንን ሳላውቅ በላዩ ጨምሩ አልሁ። ለማላውቀው በሽተኛ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ሰዓት ወሰድህ ብዬ ነው። ለእናቴ ግን አልጠየቅሁም፤ ቤቱንና ሰዉን የማውቅ መስሎኝ። በእርስዎ የተቆጣሁትን ያህል በራሴ ተቆጥቻለሁ።

እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ የንስሐ አባቷን መምሬ አሥራትን ይጥሩልኝ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምታዝን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ። እሳቸው ይፍቀዱላትና ማንኪያውን በሰዓቱ ትውሰድ። እውነቱን ካልነገራችኋት የማይሆን ከሆነም ንገሯት። ዓባይነህ ቢቆጣ ይቆጣ። ከነገሯት ይህችን ያንብቡላት፤

እማዬ፣ መቻልሽን አውቃለሁ። ማንም ያንቺን ያህል አይችልም። ይህን ግን አትቻይው። ማንኪያውን ከኔ እጅ እንደምትወስጂ አድርገሽ ውሰጂልኝ።

ሌላም አለ። እናቴ ስታርፍ እንደ ወጋችን ሰኔ እስክመለስ እንዳትደብቁኝ። ቤት ሙሉ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ መርዶ እንዲነግረኝ አልፈልግም። ያን ጊዜ ሁሉ ለሞተች እናት ደብዳቤ ስጽፍ መኖሬን ካወቅሁ ማንንም ይቅር አልልም። ብቻዬን አይደለሁም፤ አዋላጅነት የምትማር ተረፈች የምትባል የሐረር ልጅ አብራኝ ትኖራለች። በዕለቱ ይጻፉልኝ።

ስንዱ


ሰበታ፤ መጋቢት 21 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስንዱ፣

ያባቶችሽ አምላክ አይለይሽ። ቴሌግራምሽን ዓባይነህ ከቡራዩ ይዞ እየሮጠ መጣ። ጠበል ሊወስዳት መኪና ተከራይቶ ነበር፤ መኪናውን መለሰው። ማታውኑ ጠርሙሱን ከሣጥን አወጣሁ። ማታና ሌሊት አንዳንድ ማንኪያ ወሰደች። ጧት ግን ማንኪያውን ሳስጠጋላት አፏን ገጠመች። ደብዳቤሽ እስኪደርስ የሆነው ይኸው ነው፤ ቀን መጮህ፣ ማታ ማረፍ።

እንዳልነግርሽ ያስማለችኝ እሷ ናት። «ስንዱ ትቆጣለች፣ የፈረንጅ ሐኪም ሆናለች» አለችኝ። ለእመቤታችን ተስላለች። ዓባይነህ ጾመሽ ፋሲካን በእግርሽ ትስሚያለሽ አላት አይደል? እሷ ቃል ኪዳን አደረገችው። አንዲት ቀን ሳልገድፍ ከጨረስኩ ከአልጋዬ ታነሣኛለች ብላ ያዘች። ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። እኔ ደግሞ እህልም አይደለ፣ መድኃኒቷ ሳይጎድል ማታ ላሟላላት ብዬ አሰብኩ። ብልህ ሆኜ ሞቼ ነበር።

መምሬ አሥራትን አስጠራሁ። ከበር ቆመው ሰሙኝና «ለታመመ ሰው ጾም አይጠነክርበትም፤ መድኃኒትም እህል አይደለም። ግን መታመሟን የነገራት አለ?» አሉኝ። ወደ አልጋዋ መራኋቸው። ገብተው ፈቀዱላት። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባቴ፣ ብርድ ነው ብለውኛል። ለብርድ ብዬ ሁዳዴን ልግደፍ?» መምሬ ዞረው አዩኝ። መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ሁሉን አስወጥቼ ከድንቅቱ ጋር ቀረሁ።

«የሺ፣ ብርድ አይደለም» አልኳት።

«ምንድነው ታዲያ?»

«ሐኪሙ ሆድሽን ከፍቶ የዘጋው የሚነቀል ስላልሆነ ነው።»

«እሞታለሁ?»

«አዎ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። ከሥሩ ስትተነፍስ ነጠላው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ገለጠችውና «ስንዱ ታውቃለች?» አለችኝ። ታውቃለች። «ዓባይነህስ?» እሱም። ወደ ድንቅቱ ዞረች፤ ድንቅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ሰፈሩ ሁሉ ሞቴን ተካፍሎ ሲያበቃ፣ ለኔ ብርድ አስተረፋችሁልኝ?» አለች። «ትራስ ስነክስ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁኝ!» ስድቡን አልጽፈውም፤ ወረቀቱ ፖስታ ቤት ያልፋል። እኔ ግን እግሯን ይዤ አለቀስኩ። እድሜዬን ሙሉ በማንም ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ያንቺን ቃል አነበብኩላት። ድገሚው አለች፣ ደገምኩት። ከዚያ «ማንኪያውን አምጪ» አለች። ፀሐይ ነበር፤ ቀትር። ዋጠችው። ከቀትር በኋላ ሕመሙ ለቀቃት። ትናንት ሌሊትም ዛሬም በሰዓቱ ነው የሰጠኋት። ዛሬ በትራሱ ተደግፋ ውላለች። ከሽሮፑ በቀር ጾሟን አልገደፍኩም ትላለች፤ ሽሮ እንጂ ወተት አትነካም። እሱን ተይላት።

ዓባይነህ ሲሰማ «እናቴን በአፍሽ ገደልሻት» ብሎኝ ወደ ቡራዩ ሄደ። ሰላም ሳይለኝ ነው የሄደው።

አክስትሽ ሙሉዬ


ለንደን፤ መጋቢት 24 ቀን 1961 ዓ.ም.

ክብርት አክስቴ፣

መልስዎ ገና አልደረሰኝም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። በቁጣ የጻፍሁት ደብዳቤ አሁን ያሳፍረኛል፤ ደግሜ ልጽፈው ብቀመጥ ግን ያንኑ የምጽፍ ይመስለኛል።

ነግረዋትም ሆነ ሳይነግሯት፣ ይህን ማወቅ አለብዎት። መጨረሻው ሲቃረብ እንቅልፍ ያበዛባታል፣ ምግብም አትፈልግም። አያስገድዷት፣ ርቧት አይደለም። መዋጥ ሲያቅታት ሽሮፑን ከጉንጯ ሥር በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥቡላት። አፏን በእርጥብ ጥጥ ያርሱላት። በመጨረሻው ቀን ጉሮሮዋ ውስጥ የሚንኮራኮር ድምፅ ይሰማል። የሚያስደነግጠው የሚሰማውን ነው፤ እሷን አያማትም። ቀና አድርጉ፣ ውሃ ስጡ የሚል ይመጣል። አይስሙት፤ ውሃው ያንቃታል። በጎኗ ያስተኟት፣ ግንባሯንም ይዩት። ግንባሯ ካልተቋጠረ አላመማትም ማለት ነው። ዝም አትበሉ፣ አውሯት። ጆሮ መጨረሻ ነው የሚሄደው ይላሉ እዚህ።

ይህን ሁሉ ለሌሎች በእጄ አደርጋለሁ። ለእሷ ግን ቃሉን በወረቀት እየላክሁ ቀረሁ።

ስንዱ


ሰበታ፤ ሚያዝያ 2 ቀን 1961 ዓ.ም.

ስንዱ ልጄ፣

ተረፈች አጠገብሽ አለች? ከሌለች ወረቀቱን እዚህ ላይ አጥፊውና ጥሪያት። ስትመጣ አብራችሁ ቀጥሉ።

እናትሽ ትናንት ረቡዕ አረፈች።

ዘመድ ሁሉ ይደበቅ አለ። ፈተና አለባት፣ በሰው አገር መርዶ ብቻዋን አትሰማም፣ ሰኔ ስትመጣ ተሰብስበን እንነግራታለን አሉ። ወጉ ክፉ አይደለም፤ ሰው ሲወድቅ የሚደግፈው እንዳያጣ የተሠራ ነው። ለየሺ የደበቅነው ያደረጋትን ግን አይቻለሁ። ለተረፈችም በአንቺው አድራሻ ለብቻ ጽፌላታለሁ። ደግፊልኝ ብያታለሁ።

አሁን ስለ እሷ ልንገርሽ። ካወቀች በኋላ ሥራ በዛባት። ሱሉልታ ያሉትን አስጠርታ የተጣላችውን ታረቀች፣ ቀሚሶቿን አከፋፈለች፣ መገነዣዋን ራሷ መረጠች። ከዚያ አንድ ቀን «ሆሳዕና መቼ ነው?» አለችኝ። እሑድ ነው አልኳት። «በሕማማት ለሞተ ፍትሐት አይደረግም። የሆሳዕናው ፍትሐት በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሁሉ ነው። እኔ ከሕማማት አላልፍም። ሄጄ የራሴን ልስማ» አለች። ቀጥላ «ለዓባይነህ ላኩበት፤ ተሸካሚ ያስፈልገኛል በሉት» አለች።

ቅዳሜ ማታ መጣ። እግሯ ሥር ተደፋ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። ሲወጣ ግን ጉልበቴን ሳመኝ። እሑድ ጧት እሱና ኦቦ ቀጄላ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በቃሬዛ ተሸከሟት። ስንነሣ ማንኪያዋን ሰጠኋት፤ ጠርሙሱንም በጉያዬ ይዤ ሰዓቱ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ዓውደ ምሕረት ላይ ሰጠኋት። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ይየኝ! እሷ ጣቷ ላይ ዘንባባዋን አስራ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማች። አንዴም አላቃሰተችም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ሙሉዬ፣ ቆሞ የራሱን ፍትሐት የሰማ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «አንቺስ ተኝተሽ ነው የሰማሽው» አልኳት። ሳቀች። ዓባይነህም ቃሬዛውን እንደተሸከመ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነበት፣ ግን አላቆመም፣ እየሄደ አለቀሰ።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰ። ረቡዕ ጧት ያልሽው ድምፅ ከጉሮሮዋ መጣ። ዓባይነህ ደንግጦ ሊያነሣት፣ ውሃ ሊያጠጣት ተነሣ። ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ተቀመጠ፤ ጥጡን ከእጄ ተቀብሎ ከንፈሯን ሲያርስላት ዋለ። ድንቅቱ ስትመጣ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ አወራቻት፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ሱሉልታ ሣር። ሽሮፑን ከጉንጯ ሥር እያንጠባጠብኩ ግንባሯን አየሁት፤ አልተቋጠረም። ከቀትር በኋላም አየሁት፣ አልተቋጠረም። ከዚያ ትንፋሽ ጠበቅን፤ አልመጣም። ግንባሯ እንደዚያው ነበር፣ ስንዱ። አላመማትም። ይህን በመስቀል ፊት እምልልሻለሁ።

ዛሬ ቀበርናት። መምሬ አሥራት በዚህ ሳምንት ለቅሶው የጌታ ነው፣ ለሰው ከፋሲካ በኋላ ይደረሳል ብለዋል። ስለዚህ አስለቃሽ የለ፣ ደረት የሚመታ የለ። ሁላችን ጥርሳችንን ነክሰን አፈር መለስንባትና ተመለስን። እኔም ቤት ገብቼ አልጋዋን አየሁና ዝም አልኩ፤ እስከ ፋሲካ ዝም እላለሁ።

አንቺ ግን በዚያ አገር ከልካይ የለብሽም። አልቅሺ፣ ልጄ። የኔንም ጨምረሽ አልቅሺልኝ።

አክስትሽ ሙሉዬ